በኅዳር ይበራል፣ በሚያዝያ ይበላል

ኅዳር ሲገባደድ በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነፍሳት የሚባል ነገር ከዓይን ይጠፋል። ቅጠሉ ረግፏል፣ አፈሩ ሌሊት ሌሊት በውርጭ ይጠነክራል፣ ትንኙም ጢንዚዛውም የሚገባበት ገብቷል። በ2000ዎቹ ግን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከቦስተን ደቡብ ያሉ ነዋሪዎች ማታ ከሥራ ሲመለሱ በመኪናቸው መብራት ፊት አመድማ ቡናማ የእሳት እራቶች በብዛት ሲንሳፈፉ ማየት ጀመሩ። የበረንዳውን መብራት ሳያጠፋ የተኛ ሰው ጠዋት ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ያገኛቸው ነበር። እዚያ አካባቢ የከረሙ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም ያስታውሷቸው ይሆናል።

የሚበሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ መብረር አይችሉም፤ በዚያው ሰዓት በዛፉ ግንድ ላይ በእግራቸው እየወጡ ነው።

ይህ ነፍሳት በሳይንስ ስሙ ኦፔሮፍቴራ ብሩማታ ይባላል። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1758 ከመዘገባቸው ፍጥረታት አንዱ ነው። አገሩ አውሮፓ ነው። የፖም፣ የቼሪ፣ የፒርና የፕለም ዛፎችን፣ ብሉቤሪን፣ ከጫካ ዛፎች ደግሞ ኦክን፣ ሜፕልንና በርችን ይበላል። በላተኛው ግን ትሉ እንጂ በራሪው አይደለም። የበራሪነት ዕድሜው የሚያልፈው ምግብ ሳይቀምስ፣ በትልነቱ ዘመን ባጠራቀመው ስንቅ ብቻ ነው።

በብርድ መብረሩ ራሱ ሳይንቲስቶችን ሲያስገርም ኖሯል። የነፍሳት ጡንቻ ካልሞቀ አይሠራም፤ ንብ ጠዋት ለመነሣት ፀሐይ የምትጠብቀውም ለዚህ ነው። ቤርንድ ሃይንሪክ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ በ1985 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ጥናት፣ በብርድ ወራት የሚበሩ የእሳት እራቶች ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መፍትሔ እንዳላቸው አሳየ። አንደኛው ወገን ደረቱን እያንቀጠቀጠ እስከ 30 እና 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሞቃል። ሌላው ወገን፣ የእኛ ባለታሪክ የቅርብ ዘመድ ያለበት፣ ገላውን ለማሞቅ ምንም አይደክምም፤ የአካሉ ሙቀት ከአካባቢው አየር እምብዛም ሳይለይ፣ ወደ 0 ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ይበራል። ምስጢሩ ክንፉ ከገላው አንጻር በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። የሚሸከመው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ጡንቻው ቢደነዝዝም፣ ክንፉን በዝግታ ቢያርገበግብም አየር ላይ ለመቆየት ይበቃዋል። ፈጣን አይደለም። ግን ማን ያሳድደዋል? የሌሊት ወፎች ተኝተዋል፣ ነፍሳት ለቃሚ ወፎች አብዛኞቹ ወደ ደቡብ ሄደዋል።

ሴቷ ስትታይ የእሳት እራት አትመስልም። ግራጫ ቡናማ ገላዋ በእንቁላል ተወጥሯል፤ ክንፏ ጉቶ ብቻ ነው። ለክንፍና ለበረራ ጡንቻ ይወጣ የነበረው ጉልበት ሁሉ ወደ እንቁላል ሄዷል ማለት ይቻላል። ከአፈር ወጥታ በአቅራቢያዋ ያገኘችውን ቀጥ ያለ ነገር ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ ዛፍ ነው፣ አንዳንዴ የቤት ግድግዳ ወይም የአጥር እንጨት ይሆናል። ግንዱ ላይ ሆና ፌሮሞን የሚባለውን ወንድ የሚጠራ ጠረን ትለቃለች፤ ወንዶቹ በጨለማ እያሸተቱ ይመጣሉ። ከተገናኙ በኋላ ከመቶ የሚበልጡ እንቁላሎቿን በቅርፊት ስንጥቅና በዛፍ ሽበት ሥር አንድ በአንድ ትሸጉጣለች። ከዚያ ትሞታለች።

እንቁላሉ ሲጣል አረንጓዴ ነው። ትንሽ ቆይቶ ብርቱካናማ ይሆንና በረዶውን በዚያ መልኩ ያሳልፋል። ሊፈለፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። የፍራፍሬ ገበሬ ይህን ቀለም ካወቀ ካላንደር አያስፈልገውም።

የዚህ ፍጥረት ኑሮ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች በመፈልፈያዋ ሳምንት ላይ ነው። ብዙ ተባይ የሚጎዳው ቁጥሩ በመብዛቱ ነው፤ ይሄኛው ግን ቁጥሩ የሚበዛውም የሚያንሰውም ሰዓቱን በማግኘቱና በማጣቱ ነው። በሚያዝያ የፖም እንቡጥ አብጦ ጫፉ አረንጓዴ ሲሆን ትሉ ከእንቁላሉ መውጣት አለበት። ቀድሞ ከወጣ እንቡጡ ዝግ ስለሆነ የሚገባበት ያጣና በጥቂት ቀናት ውስጥ በረሃብ ያልቃል። ዘግይቶ ከወጣ ደግሞ ቅጠሉ ጠንክሮ ይጠብቀዋል። ፖል ፊኒ የተባለ ተመራማሪ በ1970 ባሳተመው ሥራ፣ የኦክ ቅጠል ወራቱ እየገፋ ሲሄድ ታኒን የተባለው፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው ኬሚካል እየበዛበት፣ ገንቢ ይዘቱም እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ትሉ በጸደይ መባቻ ብቻ የሚበላውም ለዚህ እንደሆነ አስረድቷል። ማዕዱ ክፍት የሚሆነው ለአጭር ጊዜ ነው።

በሰዓቱ የወጣው ትል ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ነው። እዚያው ያለው እንቡጥ ካልተመቸው ቀጭን የሐር ክር ይተፋና ራሱን ለነፋስ ይሰጣል፤ ነፋሱ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ወደ ሌላ ዛፍ፣ አንዳንዴም ወደ ጎረቤት እርሻ ይወስደዋል። እናቲቱ ክንፍ ባይኖራትም ልጆቿ የሚሰደዱት በዚህ መንገድ ነው። የእንቡጥ ጫፍ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ የሚታየው ግን ዘግይቶ ነው። አንድ የፖም እንቡጥ በውስጡ የአበባ ዘለላ ይዟል። ትሉ ገና ያልተከፈቱትን አበቦች ከውስጥ ይበላል፤ አንዱን ሲጨርስ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ገበሬው አበባ ይከፈታል ብሎ ሲጠብቅ የሚከፈተው የተቦረቦረ ነገር ነው። ብሉቤሪ ላይ ይብሳል፤ የአበባው እንቡጥ ካለቀ የዚያ ዓመት ምርት አለቀ ማለት ነው። በኋላ ቅጠሉ ሲዘረጋ ትሎቹ ቅጠሉን ወንፊት ያደርጉታል፤ ከለጋ ፍሬም ይቀምሳሉ። የተነከሰው ፖም ሳይረግፍ ከቀረ ጎኑ ላይ ጥልቅ ጠባሳ ይዞ ያድጋል፤ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ያጣ ዛፍ ሁለተኛ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፣ ግን ከስንቁ እየቀነሰ ነው። በተከታታይ ለበርካታ ዓመታት ሲራቆት ቅርንጫፎቹ ይደርቃሉ፣ ደካማው ዛፍ ይሞታል። በማሳቹሴትስ የሞቱ ኦኮች ጥቂት አይደሉም።

ያደገው ትል 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ በጎንና ጎኑ ነጭ መስመር አለው። አካሄዱ ልዩ ነው። አብዛኞቹ የእሳት እራት ትሎች ከሆዳቸው በታች አምስት ጥንድ ሥጋማ እግሮች ሲኖሯቸው፣ ይህ ያለው ሁለት ጥንድ ብቻ ነው፣ ሁለቱም ከኋላ። መሐሉን የሚይዝለት ስለሌለ የኋላውን ወደ ፊት ስቦ ወገቡን ያጎብጣል፣ ከዚያ ፊቱን ይዘረጋል፤ ጨርቅ በስንዝር የሚለካ ሰው እጅ ይመስላል።

በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ በልቶ የጠገበው ትል ከዛፉ ወደ መሬት ይወርዳል። አፈር ውስጥ ጥቂት ገባ ብሎ ከሐርና ከአፈር ትንሽ ክፍል ይሠራና ሳይንቲስቶች ፑፓ ወደሚሉት ዝግ ደረጃ ይገባል። እስከ ኅዳር ድረስ አይንቀሳቀስም። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከመሬት በታች ያሳልፋል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ ጦርነትም የሚካሄደው እዚያ ነው።

ይህን ያሳየው በእንግሊዝ አገር ከኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው የዋይታም ጫካ የተደረገ ጥናት ነው። ጆርጅ ቫርሊና ጆርጅ ግራድዌል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ከ1950 አካባቢ ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አምስት የኦክ ዛፎችን ሲቆጥሩ ኖሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ግንድ ላይ በሚታሰር ወጥመድ የሚወጡትን ሴቶች ይቆጥራሉ፤ በጸደይ ደግሞ ከዛፉ ሥር ትሪ ዘርግተው የሚወርዱትን ትሎች። ዛሬ በነፍሳት ሥነ ምኅዳር ትምህርት ውስጥ ይህን ሥራ ሳይጠቅስ የሚያልፍ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ያገኙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከዓመት ዓመት ቁጥሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዋናው ምክንያት በእንቁላልና በአደገ ትል መካከል የሚደርሰው እልቂት ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ከእንቡጡ ጋር መተላለፍ ነው። ሁለተኛ፣ አፈር ውስጥ ያለውን ፑፓ ጢንዚዛዎችና ሹል አፍንጫ ያላቸው አይጥ መሳይ ትንንሽ እንስሳት ይበሉታል፤ ፑፓው በበዛ ቁጥር የሚበሉት ድርሻ ስለሚጨምር ቁጥሩ ከልክ እንዳያልፍ ልጓም የሚሆነው ይህ ነው።

ጊዜን መሳት ይህን ያህል ከገደለ፣ የአየር ንብረት ሲለወጥስ ምን ይሆናል? ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ አሉ። በ2001 ማርሴል ቪሰርና ሌናርድ ሆልማን እንዳሳዩት፣ ጸደዩ እየሞቀ ሲሄድ እንቁላሎቹ ከኦክ እንቡጥ ቀድመው መፈልፈል ጀምረው ነበር። ለፍራፍሬ ገበሬ የምሥራች ይመስላል። ነገር ግን ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የዚያው ቡድን ተመራማሪዎች የተፈጥሮ ምርጫ ሥራውን እንደሠራ አረጋገጡ፤ ቀድመው የሚፈለፈሉት እየሞቱ፣ ቆየት የሚሉት እየተረፉ፣ የመፈልፈያው ጊዜ በዘር ደረጃ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከእንቡጡ ጋር እንደገና ተቀራርቧል። ዝግመተ ለውጥ የሺህ ዘመናት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ጥሩ መልስ ነው። ትሎቹን ለጫጩቶቻቸው የሚለቅሙት ቲት የሚባሉ ትንንሽ ወፎች ግን በዚያው ጫካ ከማዕዱ ሰዓት ጋር መተላለፋቸው ያሳሰባቸው ብዙ ናቸው። ወደ ሰሜን ደግሞ ሙቀቱ ለእሳት እራቱ በር ከፍቶለታል፤ ቀድሞ ብርዱ እንቁላሉን ይገድልባቸው በነበሩ የሰሜን ኖርዌይ የበርች ጫካዎች ውስጥ እየገፋ ገብቷል።

አትላንቲክን መቼ እንደተሻገረ የሚታወቀው በግምት ነው። በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ በ1930ዎቹ ሳይገባ አልቀረም፣ ምናልባትም ከችግኝ ጋር በመጣ አፈር ውስጥ፤ ማንነቱ የታወቀው ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። የፖም እርሻዎቹንም የኦክ ጫካዎቹንም አራቆተ። በ1950ዎቹ የካናዳ ሳይንቲስቶች ወደ አውሮፓ ተመልሰው ጠላቶቹን ፈለጉ። ስድስት ዓይነት ጥገኛ ነፍሳት አምጥተው ለቀቁ፤ ሥር የሰደዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ አንድ ተርብና አንድ ዝንብ። ታሪክ የሠራው ዝንቡ ነው፤ ሲዜኒስ አልቢካንስ ይባላል።

የዝንቡ ዘዴ ከእሳት እራቱ ዘዴ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ጥገኛ ነፍሳት ትሉን አሳድደው ይወጉታል፤ ሲዜኒስ ግን አታሳድድም። ትል የነካው ቅጠል የሚለቀውን ጠረን ተከትላ ትመጣና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ደቃቅ እንቁላሎቿን በተነከሰው ቅጠል ላይ ትበትናለች። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ እንቁላሉንም ይውጠዋል። እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ይፈለፈላል፤ የዝንቡ እጭ አንጀቱን በስቶ ወደ ምራቅ ዕጢው ይሄድና እዚያ ጸጥ ብሎ ይቆያል። ትሉ መብላቱን፣ ማደጉን፣ ወደ አፈር መውረዱን ይቀጥላል። ፑፓ ከሆነ በኋላ ነው እጩ ሥራውን የሚጀምረው፤ ከውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል፣ በባዶው ቅርፊት ውስጥ ሆኖ በረዶውን ያሳልፋል፣ በጸደይ የእሳት እራት ሊወጣበት ከነበረው ቤት ዝንብ ይወጣል። የእሳት እራቱ ሰዓት ለዝንቡም ሰዓት ነው፤ ስለዚህም ከዚህ ነፍሳት ውጭ በሌላ ትል ውስጥ ማደግ እምብዛም አይሆንለትም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኖቫ ስኮሺያ ጫካዎች ወረርሽኙ ወደቀ። በ1970ዎቹ ነፍሳቱ በምዕራብ ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሲገኝ እዚያም ዝንቡ ተለቀቀ፣ እዚያም ሠራ። ግራ የሚያጋባው የእንግሊዙ ጉዳይ ነው፤ በዋይታም ጫካ ሲዜኒስ አለች፣ ግን የምትገድለው ጥቂቱን ብቻ ነው። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ የእሳት እራቱ በኅዳር ከፑፓው ወጥቶ አፈሩን ሲለቅ፣ ዝንቡ ግን እስከ ጸደይ እዚያው ይቆያል፤ ስለዚህ ጢንዚዛዎቹ እሱን ለመብላት ተጨማሪ ወራት ያገኛሉ። አዳኝ በሞላበት አፈር የገበሬው ወዳጅ ራሱ ይበላል።

ማሳቹሴትስ ተራዋ የደረሰው በኋላ ነው። በ1990ዎቹ የታየው ጉዳት መጀመሪያ የአገሬው ዝርያዎች ሥራ ተደርጎ ነበር፤ ትክክለኛው ማንነት የተረጋገጠው በ2003 ገደማ ነው። የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲው ጆሴፍ ኤልኪንተንና ባልደረቦቹ ዝንቡን ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ እያመጡ ከ2005 ጀምሮ መልቀቅ ያዙ። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጠባሳ መጥቀስ ያስፈልጋል። በዚያው ግዛት በ1906 ሌላ የእሳት እራት ለመዋጋት ኮምፕሲሉራ የተባለ የአውሮፓ ዝንብ ተለቆ ነበር። ያ ዝንብ መራጭ አልነበረም፤ ከ150 በላይ በሚሆኑ ዝርያዎች ላይ ዞረ፣ የአካባቢው ውብ ትልልቅ የሐር እራቶች ለመመናመናቸውም ምክንያት እንደሆነ ኤልኪንተን ራሱ በተሳተፈበት በ2000 የወጣ ጥናት ተገልጿል። ባለሙያዎቹ ሲዜኒስን የመረጡት በአመዛኙ ይህን አንድ ዝርያ ብቻ የምታጠቃ ስለሆነች ነው፤ ለዚህ ጥንቃቄ ምስጋና ይገባቸዋል።

ውጤቱን ለማየት ትዕግሥት አስፈልጓል። ጥቂት ሺህ ዝንብ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትሎች መካከል ሲበተን ለዓመታት ፍለጋው እንኳ ይጠፋል። ከ40 በላይ ቦታዎች ላይ ከተለቀቀ በኋላ በአብዛኞቹ ሥር ሰደደ። በጥናቱ ቦታዎች በአንድ ካሬ ሜትር አፈር ከ100 እስከ 500 ይደርስ የነበረው የፑፓ ቁጥር ወደ 10 እና ከዚያ በታች ወረደ። ዝንቡ ብቻውን አይደለም የሠራው፤ እሱ ቁጥሩን ሲሰብረው የአገሬው ጢንዚዛዎችና ተርቦች የተረፈውን ፑፓ እየለቀሙ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ አድርገዋል። ቫርሊና ግራድዌል በአንድ የእንግሊዝ ጫካ ያዩት ልጓም ሌላ አህጉር ላይ ሠራ።

በፍራፍሬ እርሻ ውስጥ ግን ነገሩ እንደ ጫካው ቀላል አይደለም። ሲዜኒስ ከፖም ይልቅ ኦክን ትመርጣለች፤ ለሌላ ተባይ የሚረጨው መድኃኒትም አይምራትም። ስለዚህ የፖምና የብሉቤሪ ገበሬ የራሱን ሥራ መሥራት አለበት። በአውሮፓ የቆየው ዘዴ በመኸር ግንዱን ተጣባቂ ቅባት በተቀባ ቀበቶ መጠቅለል ነው፤ ክንፍ የሌላት ሴት ስትወጣ ትያዛለች። ለጓሮ ዛፍ ጥሩ ነው። ሆኖም ብዙ ሴቶች ሲያዙ ሬሳቸው ድልድይ ሆኖ ሌሎቹን ያሻግራል፤ በጸደይ በነፋስ የሚመጡትን ትንንሽ ትሎች ደግሞ ቀበቶው አያቆማቸውም። እንቡጡ ሳይነቃ የሚረጭ ዘይት እንቁላሉን አፍኖ ይገድላል፣ በቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸገው ጋ ከደረሰ። ቢቲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ ከባክቴሪያ የሚሠራው መድኃኒት ለንብና ለሰው ደህና ሆኖ ትሉን ይገድላል፤ ግን ትሉ ሊበላው ይገባል፣ በተዘጋ እንቡጥ ውስጥ ያለ ትል ደግሞ ከውጭ የተረጨውን አያገኘውም።

ለዚህ ነው በሚያዝያ የኖቫ ስኮሺያና የማሳቹሴትስ ገበሬዎች አጉሊ መነጽር ይዘው እንቡጥ እየሰነጠቁ የሚፈትሹት። ከውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ ጭንቅላቷ ጥቁር የሆነ ትል ካገኙ ለመርጨት ያላቸው ቀን ጥቂት ነው፤ አበባው ከተከፈተ በኋላ ንቦች ስለሚመጡ አብዛኛው መድኃኒት አይረጭም።